ሽሮ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ምስር… ለጾሙ ማጀት አዲስ ሐሳብ ከየት ታገኛላችሁ?

የማርቆሷ (ደብረ ማርቆስ) ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ? ጾመ ነቢያት ከገባ ዛሬ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ እኔ ግን ከወዲሁ የምሠራው አልቆብኛል። እስከ ገና እንዴት እንደምዘልቀው አላውቅም።

ትናንት ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። ከሥራ የምወጣው 11፡30 ነው። ቤት ገብቼ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ሽሮ ጣድሁ። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ከደጅ ገባና ክዳኑን ከፈት አድርጎ አየ። አየና መልሶ ከደነው። አንድ ቃል አልተናገረም። እጁን ታጥቦ ተቀመጠ፣ የቀረበለትን በላ። ቢያጉረመርም ይሻለኝ ነበር። ያ ዝም ብሎ ክዳኑን የመለሰበት ነገር ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ።

ቤቴ ጎድሎ አይደለም፣ ተመስገን። ምጥን ሽሮ፣ ምስር፣ የአተር ክክ፣ የባቄላ ዱቄት አለኝ። ኑግ፣ ተልባ፣ ሱፍ አለኝ። ድንችና ጥቅል ጎመን ማርቆስ ላይ የሚጠፋበት ቀን የለም። ከእናቴ ቤት የመጣ ዱባም ጥግ ላይ ተቀምጧል። የጠበበው እጄ ነው። የሚያውቀው መንገድ ሁለት ብቻ ሆነ፦ ወይ ቀይ ወጥ፣ ወይ አልጫ።

ስልክ ላይ የሚለቀቁትን የምግብ ቪዲዮዎች ማየት ጀምሬ ነበር። አንዱ የኮኮናት ወተት ይላል፣ አንዱ ኦቨን ውስጥ 40 ደቂቃ ይላል። እኔ ያለኝ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃና አንድ የከሰል ማንደጃ ነው። አንዱን ልሞክር ብዬ ግማሽ ሊትር ዘይት በአንድ ማታ ጨረስሁ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አሠራሩን ብቻ አይደለም። ሐሳቡን ራሱን ከየት ነው የምታመጡት? «ነገ ምን ልሥራ» ስትሉ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚሄደው ወዴት ነው?

---

የኮሶበር ልጅ (እንጅባራ) ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 3፡25

እኅቴ፣ እኔ የማውቀው ድንች ስለሆነ ስለ ድንች ልናገር።

ወጥ ውስጥ ስትጨምሪው ልጠሽ አራት ቦታ ትከትፊዋለሽ አይደል? ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው። አንድ ሳምንት ቢላ አታስነኪው። ትንንሾቹን ለይተሽ አጥበሽ ከነልጣጫቸው ረመጥ ውስጥ ቅበሪያቸው። ልጣጩ ጨምደድ ብሎ ሲጠቁር አውጥተሽ በእጅሽ ፈልቅቂው። ውስጡ እንደ ዱቄት ይፈረፈራል፤ ውሃ ውስጥ የተቀቀለ ድንች ያንን ጣዕም አያገኘውም።

ማባያው ኑግ ነው። ለብ ባለ እሳት ቁይው፤ መንጣጣት ሲጀምርና ሽታው ሲመጣ ቶሎ አውርጂው፣ ካረረ ይመራል። ከጨውና ከትንሽ ሚጥሚጣ ጋር ሙቀጫ ውስጥ ዘይቱን አውጥቶ እርስ በርሱ እስኪያያዝ ውቀጪው። ትኩሱን ድንች እያጠቀሱ መብላት ነው። ከጠርሙስ የምትጨምሪው አንድ ጠብታ ዘይት የለውም።

ከነልጣጩ የምታበስይ ከሆነ ግን ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነውን አውጪው። ምሬቱ የመርዝ ነው፣ ለልጆች አይሆንም።

ሌላው ግብጦ ነው። አረቄ ቤት ብቻ የሚበላ ይመስለናል፤ አያሳዝንም? በደንብ ተቀቅሎ፣ ውሃው ጠዋት ማታ እየተቀየረ አምስት ቀን ያህል ተዘፍዝፎ ምሬቱ ሙሉ በሙሉ ሲለቅ ልጣጩን አውልቂና በሎሚ፣ በቃሪያና በደቀቀ ቀይ ሽንኩርት ለውሺው። እንደ አዚፋ ማለት ነው። ቀምሰሽ ትንሽም ቢመር ውሃውን ቀይረሽ ጨምረሽ ዘፍዝፊው እንጂ አትብሉት።

---

አያ ደጀን (ደጀን) ኅዳር 18፣ ከጠዋቱ 1፡10

ልጄ፣ ሐሳብሽ የእናት ሐሳብ ነው፤ አልነቅፍሽም። ግን አንድ ነገር ልበል። ጾም ምላስን መግቻ ነው። ለጾም ማጣፈጫ ስንፈልግ ጾሙን ወደ ድግስ እንዳንለውጠው እሰጋለሁ። ደግሞስ ሽሮ አባቶቻችን ያቆዩን ምግብ ነው። ዛሬ ኮኮናት ካልነው ነገ ልጆቻችን የአገራቸውን ወጥ በስሙ አያውቁትም። ልጁ በዝምታ መብላቱ ጥሩ አስተዳደግ ነው፤ እኔ ደስ ብሎኛል።

---

ዋልካ መሬት (ቢቸና) ኅዳር 18፣ ከቀኑ 7፡05

አያ፣ አክብሬዎት ነው የምመልሰው። የታሪክ መምህር ነኝና ይህቺ ነገር ትቆጠቁጠኛለች።

«አባቶቻችን ያቆዩን» ከምንለው ውስጥ ስንቱ በጊዜው አዲስ እንደነበር እናስብ። ድንችን ወደ አገራችን ያስገባው በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1858፣ ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር እንደሆነ ነው የሚጻፈው። ዛሬ ጮቄ ተራራ ሥር ያለ ገበሬ ያለ ድንች ክረምቱን አይወጣም። በርበሬም ቢሆን ከአሜሪካ ምድር የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1492 በፊት ከአሜሪካ ውጭ ያለ ሰው አያውቀውም ነበር። በቆሎውም ቲማቲሙም እንዲሁ። ስለዚህ ከዚያ በፊት የነበረች አንዲት የጎጃም እናት ዛሬ ቀይ ወጥ የምንለውን አልሠራችም። በርበሬው ሲመጣ ከእርሷ በኋላ የመጣች አንዲቱ «እስኪ ልሞክረው» ባትል ኖሮ ዛሬም አይኖረንም ነበር።

ስለ ጾሙ ያሉት ልክ ነው። ግን ረመጥ ውስጥ የተቀበረ ድንች ድግስ አይደለም።

ለእኅታችን ደግሞ ከእኛ በኩል ያለውን ልንገርሽ። የእኛ አገር ጥቁር መሬት ዝናቡ ሲያባራ ሽምብራ ይዘራበታል፤ ታኅሣሥ ላይ እሸቱ ይደርሳል። ልጆች መንገድ ላይ እየፈለፈሉ ከሚበሉት ሌላ ለወጥ ማንም አያስበውም። ፈልፍለሽ በነጭ ሽንኩርት፣ በእርድና በቃሪያ ቶሎ አብስለሽ አውጪው። ብዙ ከቆየ አረንጓዴነቱም ጣፋጭነቱም ይሄዳል። ያን ጊዜ ይዞት የሚመጣ ሻጭ ማርቆስ ገበያም አታጪም።

አደራ፣ እሸት ጓያ ከእሸት ሽምብራ ጋር ተደባልቆ እንዳይሸጥልሽ እይ። ጓያ አንድ ቀን ቢበላ ምንም አይልም፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግር ያሽመደምዳል። እዚህ እኛ አካባቢ በዱላ የሚሄዱ ሰዎች አሉ፤ በክፉ ቀን ጓያ ብቻ በልተው የከረሙ ናቸው።

---

የፍኖተ ሰላሟ እናት (ፍኖተ ሰላም) ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 2፡15

የኔ ልጅ፣ ጽሑፍሽን ሴት ልጄ አነበበችልኝ፤ የምለውን እየጻፈችልኝ ነው። ስድስት ልጆች በጾም አሳድጌአለሁና ድካምሽ ይገባኛል።

ሐሳብ ከየት ይመጣል ላልሽው፣ ለእኔ የመጣው ከማጣት ነው። አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ገበያ ሳይወጣ ቀረና ቤታችን ቀይ ሽንኩርት አለቀ። አማቴ «ሽንኩርት ከሌለ ወጥ የለም ማለት ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ውሃውን ጣደች፣ ነጭ ሽንኩርትና ጦስኝ ቀጥቅጣ ጨመረች፣ ሽሮዋን በትና ለረጅም ጊዜ አንተከተከችው። ከዚያ ቀን ወዲህ እያለኝም ያለ ሽንኩርት የምሠራበት ቀን አለኝ። እንግዲህ ይኸው ነው መንገዴ፦ በሳምንት አንድ ቀን ከለመድሁት አንዱን እከለክላለሁ። አንድ ቀን በርበሬውን፣ አንድ ቀን ሽንኩርቱን፣ አንድ ቀን ዘይቱን። እጅ የለመደው ሲታጣ ሌላ መፈለጉ አይቀርም።

እኔ የምኖረው በርበሬ አገር ነው። በመኸር ጊዜ ደጃችን ሁሉ ቀይ ሆኖ ይሰጣል። እኔ የበርበሬ ሰው ሆኜ እንዲህ ማለቴ ይገርምሽ ይሆናል፤ ግን በርበሬ የሁሉንም ጣዕም አንድ ያደርገዋል። ምስሩም ክኩም ድንቹም በርበሬ በርበሬ ይላል። ልጁ ክዳን ከፍቶ ያየው ያንን ቀለም ነው።

አሁን ሽምብራ አሳ ሥሪላቸው። ለልጅ ደስ የሚለው ቅርጹም ጭምር ነው። የሽምብራ ዱቄት ትነፊያለሽ። ጨው፣ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ትንሽ ዘይት ጨምረሽ ውሃውን በማንኪያ በማንኪያ እየጨመርሽ ታሺዋለሽ። ሊጡ ጠንከር ይበል፣ ከእጅ አይጣበቅ። ዳምጠሽ በቢላ በአሳ መልክ ቁረጪው። ዓይኑንና ቅርፊቱን ልጆቹ በሹካ ይሥሩት፣ ለእነርሱ ተዪላቸው። ከዚያ ዘይት ውስጥ አትጥበሽው፣ የጋለ ምጣድ ላይ አገላብጠሽ አብስይው።

ቁሌቱን ለብቻ ሥሪ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፦ ቁሌቱ ከሌላው ወጥ ቀጠን ማለት አለበት። ሽምብራው መጦ ይጨርሰዋል። ወፍራም ቁሌት ውስጥ ከጨመርሽው ድስቱ ሥር ተጣብቆ ታገኚዋለሽ። አሳዎቹን ከጨመርሽ በኋላ በቀስታ 10 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ፤ አታማስይው፣ ድስቱን ይዘሽ ነቅነቅ አድርጊው።

አያ ደጀን፣ እኔም እንደ እርስዎ ጾሙ እንዳይረክስ እፈራለሁ። ግን በጾም ጊዜ ቤቱን የሚሸሽ ልጅ ጾሙንም ይሸሻል። ሦስቱ ወንዶች ልጆቼ ዛሬም ይጾማሉ።

---

ጣና ዳር (ባሕር ዳር) ኅዳር 19፣ ከጠዋቱ 4፡30

እኔ ብቻዬን የምኖር ወንደላጤ ነኝ፤ ይህን ክር ከትናንት ጀምሮ እያነበብሁ ራቴን ረሳሁት። እናታችን ከፍኖተ ሰላም የጻፉትን ወረቀት ላይ ገልብጬ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

እዚህ ሁሉም ነገር አሳ ነው። ቆሮሶን በዘይት ጠብሶ ከመብላት ሌላ ማንም አያስብም። እኔ በእርድና በዝንጅብል አልጫ አድርጌ እሠራዋለሁ፣ መጨረሻ ላይ ሎሚ። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለየንስሐ አባታችሁ ልተወው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ሱፍ ፍትፍት ሞክሬ ሸካራ ሆነብኝ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትሁት?

---

የፍኖተ ሰላሟ እናት (ፍኖተ ሰላም) ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 1፡50

ልጄ፣ ሱፉን አፍልተህ፣ ወቅጠህ፣ በውሃ አሽተህ ታጠለዋለህ። በወንፊት ብቻ ካጠለልኸው ገለባው ያልፋል። ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ውስጥ አድርገህ ጨምቀው። እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይወርዳል። ቃሪያና ዝንጅብል ጨምረህ ቀዝቀዝ ሲል እንጀራውን ፈትፍትበት።

---

የማርቆሷ (ደብረ ማርቆስ) ኅዳር 25፣ ከምሽቱ 3፡10

ወገኖቼ፣ ይኸው ተመለስሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም ባመሰግን ቦታው አይበቃኝም፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

ሽምብራ አሳው ሰምሯል። ቁሌቱን ቀጠን አድርጌ ስሠራ «ይህ ውሃ ነው» ብዬ ልጨምርበት ነበር፤ እማማ ያሉትን አስታውሼ እጄን ሰበሰብሁ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ልክ ሆኖ ወጣ። ልጆቹ አንዱን አሳ ሦስት ዓይን አደረጉለት።

ግን ልነግራችሁ የፈለግሁት የገበያውን ነው። የኮሶበር ልጅ ያለኝን ትንንሽ ድንች ልገዛ ወጣሁ። ረቡዕ ገበያ ከምትባለው ከተማ በኩል የመጡ አንዲት ሴት ዘንድ ቁጭ ብዬ እየለየሁ ሳለ «እርስዎስ ቤትዎ ይህን በምን ይሠሩታል?» አልኋቸው። ስንት ዓመት ከዚያ ገበያ ስገዛ ይህን ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም። ዋጋ ብቻ ነው የምጠይቀው።

ሴትዮዋ መጀመሪያ ያሾፍሁ መስሏቸው ዝም አሉ። ከዚያ «በሳማ ነዋ» አሉኝ።

ሳማን የማውቀው ልጅ ሆኜ ጥጃ ስንጠብቅ እግሬን ሲለበልበኝ ነው። እናቴ ስለ ሳማ የምታወራው የችጋር ጊዜ ስታነሣ ብቻ ነበር። ይህንኑ ስላቸው «ድሮ በችጋር ይበሉት ነበር፤ እኔ ጥጋብም ሲሆን እበላዋለሁ» አሉና እጃቸውን እያሳዩ አስረዱኝ። ጫፍ ጫፉን፣ ለጋውን ብቻ፣ በጨርቅ ይዞ መቁረጥ። የፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ መለብለቡ ይጠፋል። አውጥቶ ማድቀቅ፤ እርሳቸው በመጅ ነው የሚያደቅቁት። ከዚያ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ አብስሎ የገብስ ዱቄት ያዝ ማድረግ፣ ድንቹን ቀቅሎ ፈረካክሶ መጨመር። ማውራት ሲጀምሩ ሌላ ገዢ መጥቶ ቆሞ ነበር፤ «ቆይ እስኪ፣ ለዚህች ልጅ ልጨርስላት» አሉት።

በመጀመሪያው ቀን ተበላሸብኝ። ዱቄቱን በሚፈላው ላይ በተንሁትና ጓጎለ። በማግስቱ ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ ቀስ እያልሁ ጨመርሁት፤ ለስልሶ ወጣ። ቀለሙ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ጣዕሙ ከጎመን ይከብዳል፣ አፍ ውስጥ ይቆያል። ትልቁ ልጄ «ሳማ? የሚለበልበው?» ብሎ ከነድንቹ ጎረሰና ምላሱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ደገመ። በማግስቱ ለጓደኞቹ ሳማ መብላቱን ነግሯቸው አላመኑትም አሉ። ትንሿ ግን አሻፈረኝ አለች፤ ለእርሷ ድንቹን በኑግ ሰጠኋት።

---

አባይ ማዶ (ሞጣ) ኅዳር 26፣ ከጠዋቱ 3፡00

የማርቆሷ፣ የሴትዮዋ ነገር ልቤን ነካው። እኛ ሰፈር የምናደርገውን ልጨምርልሽ። ቡና የምንጠጣው አምስት ቤት ነን። በጾም አንድ ቅዳሜ እያንዳንዳችን ከቤታችን አንድ አንድ ጭልፋ ምጥን ሽሮ ይዘን እንመጣለን። አንዷ ቤት አምስት ትንንሽ ድስት ይጣዳል፣ በእኩል ውሃና ጨው፣ ሌላ ምንም ሳይጨመር። ከዚያ እንቀምሳለን። የአንድ መንደር ሽሮ አምስት ዓይነት ነው ብልሽ ታምኚኛለሽ?

---

የማርቆሷ (ደብረ ማርቆስ) ታኅሣሥ 7፣ ከምሽቱ 2፡20

አባይ ማዶ፣ አመንሁሽ። ትናንት አደረግነው።

አራት ነበርን። የእኔ በመካከለኛ የተቆላ አተርና ሽምብራ ነው፣ ኮረሪማና በሶብላ አለው። የጎረቤቴ አተሯ በጣም ተቆልቶ ቡናማ ሆኗል፤ ሽሮዋ ቡና ቡና የሚል ሽታ አለው፣ እኔ ዕድሜዬን ሁሉ «አሳረረችው» እያልሁ በልቤ ስታዘባት የኖርሁት ሽሮ እርሱ ነው። ከሁሉም የተወደደው እርሱ ሆነ። ሦስተኛዋ በርበሬ ሳታበዛ ኮሰረት ታስገባለች። አራተኛዋ ወጣት ናት፣ ከሱቅ የተገዛ ነው ብላ አፍራ ልትደብቀው ነበር፤ እኛ ከየቤታችን እያካፈልን ላክንላት፣ እርሷ ደግሞ ሽሮን በተጠበሰ ቲማቲም እንዴት እንደምትሠራ አሳየችን።

ከጎረቤቴ አንድ ጣሳ ሽሮ ተውሼ መጣሁ። አሁን ሁለት ሽሮ አለኝ።

---

አያ ደጀን (ደጀን) ታኅሣሥ 8፣ ከጠዋቱ 1፡30

መምህሩ ስለ በርበሬ የጻፈውን ደጋግሜ አነበብሁት። ድንችንም በርበሬንም እንደዚያ አስቤው አላውቅም ነበር፤ ተቀብያለሁ። ጾም ምላስ መግቻ ነው ያልሁትን ግን አልለቅም።

የሱፉን ነገር ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። በሁዳዴ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነጭ ጨርቅ ከምሰሶው ጋር አስራ ሱፉን ትጨምቀው ነበር። ጠብታው ጣባው ላይ ሲወድቅ ድምፁ ይሰማኛል። እርሷ ካረፈች ወዲህ ቤታችን ሱፍ አልተሠራም። ለባለቤቴ ነግሬአት ትናንት ገዛን። እኔ ራሴ ጨመቅሁት።

---

ጣና ዳር (ባሕር ዳር) ታኅሣሥ 8፣ ከቀኑ 6፡15

አያ፣ እኔም በጨርቅ ጨምቄ ተሳካልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ተልባ ብዙ ቆልቼ አስፈጨሁ፣ ሁለት ኪሎ ይሆናል። አሁን ሽታው ተቀይሮ ቀለም ቀለም ይላል። ተበላሽቶ ነው?

---

የኮሶበር ልጅ (እንጅባራ) ታኅሣሥ 8፣ ከምሽቱ 1፡40

አዎ ወንድሜ፣ ዘይቱ ነው የተበላሸው፤ አትብላው። ተልባ ፍሬው ሳይፈጭ ብዙ ይቆያል፣ ዱቄቱ ግን ቶሎ ይከዳል። ከዚህ በኋላ ለሦስት ለአራት ቀን የሚበቃህን ብቻ ቁላና ፍጭ፣ ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ አድርገህ ከሙቀት አርቀህ አስቀምጠው።

---

ጣና ዳር (ባሕር ዳር) ታኅሣሥ 8፣ ከምሽቱ 1፡55

እሺ፣ አመሰግናለሁ። ነገ ጠዋት አንድ ጭብጥ ብቻ እቆላለሁ።